የጻፍኩትን ካርድ ማንበብ አቃተኝ

በዚያን ዕለት እጄ ደህና ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ሰው ሁሉ እንዳያምነኝ ያደረገው የእጄ ደህንነት ስለሆነ ነው።

ጎረቤቴ አሚና ለልጇ ለረምዚ የልደት ካርድ ልታስጽፈኝ መጥታ ነበር። ረምዚ ጅጅጋ ነው የሚነግደው። እኔና አሚና በከተማችን ግንብ፣ በፈላና በር አጠገብ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን ስንኖር አርጅተናል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ስለሠራሁ ጽሕፈቴ ያምራል ይባላል። የሰፈሩ ሰው ለእናቱ፣ ለልጁ ወይም ለሚስቱ ካርድ ሲገዛ ለብቻው አይጽፍም፤ ወደ እኔ ያመጣዋል። እኔም «እንኳን ተወለድክ» ብቻ ብዬ አልሰድም። ስለዚያ ሰው ያልረሱትን አንድ ነገር እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ፤ እሱን እጽፋለሁ። ጽፌ ስጨርስ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ክርስቲያኑ «አሜን»፣ ሙስሊሙ «አሚን» ሲል ፖስታው ይታሸጋል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ነገር ግን ከእኔ ቤት ሳይነበብ የታሸገ ካርድ ወጥቶ አያውቅም።

«ልደት ማክበር ጀመርሽ? ሼኹ ቢሰሙሽስ?» አልኳት።

«እኔ ልደት መች አልኩ፣ አቦ! ዱዓ ነው የምልክለት። ኬክ አልቆረስኩ፣ ሻማ አላበራሁ።»

«ምን ልበልልሽ ታዲያ?»

«አንቺ ታውቂበታለሽ። ብቻ አታስለቅሺው። ትንሽ ሆዱን ባር ባር ይበለው፣ እሱ ይበቃል።»

ያልረሳችውን ጠየቅኳት። አባቱ የሞተ ጊዜ እናቱ ብቻዋን እንዳትሆን ደጃፏ ላይ አንጥፎ ይተኛ እንደነበር ነገረችኝ። ያን ጊዜ ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። ጻፍኩት፦ «አባትህ የሞተ ጊዜ ደጃፌ ላይ የተኛኸውን አልረሳሁም። አላህ የሄድክበትን በር ሁሉ ይክፈትልህ።»

«በይ አንብቢልኝ» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ተስተካክላ ተቀመጠች።

ካርዱን አነሳሁ። ጽሑፍ አለበት። ቀለሙ ይታየኛል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይታየኛል፤ የእኔ ጽሕፈት መሆኑም አልጠፋኝም። ግን አንድም ፊደል አላወቅኩም። አሚና ቤት ግድግዳው ላይ በዓረብኛ የተጻፈ በመስተዋት የተከበበ ጽሑፍ አለ፤ ስገባ ስወጣ አየዋለሁ፣ ማማሩን አውቃለሁ፣ ምን እንደሚል አላውቅም። የገዛ እጄ ጽሕፈት ልክ እንደዚያ ሆነብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። መነጽሬን አውልቄ ጠራርጌ አደረግኩ። ያው ነው።

አሁን የጻፍኩት ስለሆነ በቃሌ አልኩላት።

«አሚን» አለች። ቀጥላም «ዘነቡ፣ ወረቀቱን ሳታዪ ነው እንዴ ያነበብሽው?» አለችኝ።

«በቃሌ ያዝኩት።»

«ማሻአላህ» ብላ ካርዷን ይዛ ሄደች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማጅራቴ አካባቢ ከባድ ራስ ምታት ነበረኝ። ወደ ጓዳ ስገባም የቀኝ ትከሻዬን የበሩ መቃን መታኝ። በዚያ በር ስንት ዘመን እንደገባሁ እንደወጣሁ! አልፌው ሄድኩ። ይህን የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። እኔ ራስ ምታቱን ለብቻ፣ የትከሻዬን መመታት ለብቻ፣ የፊደሉን መጥፋት ለብቻ አየኋቸው። ሦስቱም አንድ ነገር ነበሩ።

ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ፈረስ መጋላ ገበያ ወጣሁና ከልብስ ሰፊዎቹ ወገን ቆሜ የሱቆቹን ማስታወቂያ አንድ በአንድ ተመለከትኩ። ፋርማሲውን በመስቀሉ ምልክት፣ ፎቶ ቤቱን በሙሽሮቹ ፎቶግራፍ አወቅኩት። ጽሑፉ ግን ዝም ነው። ልመለስ ስል በቀኝ በኩል አንድ ባጃጅ ከየት እንደመጣ ሳላየው ቀሚሴን ነክቶ ቆመ።

«እማማ! ዓይን የለዎትም እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ ደንግጦ።

«አለኝ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ነበረኝ።

ቤት ስገባ ውዳሴ ማርያሜን ከፈትኩ። የዕለቱን አንድም ሳልስት ደገምኩ። «ተመስገን፣ ተመለሰልኝ» ብዬ መጽሐፉን ልዘጋ ስል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ገጽ እንዳልገለጥኩ አየሁ። በቃሌ ነበር። ከሁሉም ቀን ይልቅ የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ከልጄ ከሰብለ ጋር ነው የምኖረው። ትዳር አልያዘችም፤ ቢሮ ትሠራለች፣ የቤታችን አስተዳዳሪም እሷ ናት። አንድ ቀን ሳል ይዟት የመድኃኒት ብልቃጥ አቀበለችኝና «እማዬ፣ በቀን ስንቴ ነው የሚለው?» አለችኝ። ብዙ አየሁት።

«ፊደሉ ጠፋኝ» አልኳት።

«መነጽርሽ ደከመ ማለት ነው» አለችና በማግስቱ ዓይን ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ወረፋው ረጅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ መርማሪው ልጅ ለብቻዬ አስገባኝ። ነጠላዬንና ሽበቴን አየና ግድግዳው ላይ የነበረውን የፊደል ሰሌዳ ትቶ፣ ሦስት እግር ያለው ምልክት በየአቅጣጫው የተሣለበትን ሰሌዳ አበራልኝ። ያ ሰሌዳ ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች የሚሆን ነው።

«እናቴ፣ እግሩ ወዴት ነው የዞረው? በእጅዎ ያሳዩኝ።»

ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ። እስከ መጨረሻው ትንሽ መስመር ድረስ አንዱንም አልሳትኩም።

«እንዴ! የወጣት ዓይን ነው ያለዎት!»

«ማንበብ ነው ያቃተኝ፣ ልጄ።»

«ድሮስ ያነቡ ነበር?» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ እየሳቀ ነው። ለእኔ ዕድሜ ሴት የሚቀርበው ጥያቄ ያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በጽሕፈት ነው የኖርኩት ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። በሰው ፊት ስለራሴ መናገር አልለመደብኝም። አዲስ መነጽር አዘዘልኝ። በአዲሱ መነጽር ፊደሎቹ ትልልቅ ሆኑ፤ ግን ያው ዝም እንዳሉ ነበሩ።

ከዚያ ሌላ ክሊኒክ ሄድን። የደም ግፊቴን ለኩና ከፍ ብሏል አሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ደረጃ ወጥተው ስለመጡ ይሆናል» ብለው ተዉት። ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ታይፎይድ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ወስጄ ጨረስኩ፤ ሆዴን አቃጠለኝ እንጂ ፊደል አልመለሰልኝም። አሚና በበኩሏ ምርመራዋን ጨርሳለች፤ «ዓይን ነው፣ ወላሂ! የጽሕፈትሽ ማማር ነው ያስበላሽ። ያቺ የታችኛዋ ሴትዮ ካርድ ስታስጽፍሽ አስተያየቷን አላየሽም?» ትለኛለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ካርድ መጻፌን አልተውኩም። የሚገርመው እሱ ነው። ሰው ሲነግረኝ እጄ ራሱ ይሄዳል፣ ፊደል አይስትም። ከዚያ ሲነበብ ዕቃ የማነሳ መስዬ ለባለቤቱ አቀብልና «አንተ አንብበው፣ ከአንተ አፍ ልስማው» እላለሁ። አንድ ቀን ሰብለ ከሥራ ስትገባ እንዲህ ስጽፍ አገኘችኝ። የመጣው ሰው እስኪወጣ ጠበቀች። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሰውየው ፖስታ ሊገዛ ነው የሄደው። አነሳችና አየችው።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«እኔ ከሥራ እየቀረሁ ስንት ክሊኒክ ይዤሽ ዞርኩ! አለቃዬ ፊት መቆም አፈርኩ። ማንበብ አቃተኝ ያልሽኝ ሴት ቁጭ ብለሽ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ትጽፊያለሽ?»

«መጻፍ አላቃተኝም። ማንበብ ነው።»

«ሰው የጻፈውን እንዴት ማንበብ ያቅተዋል? እስኪ እንዴት?»

እኔም ራሴን የምጠይቀው ያንኑ ነበር።

«ምን አድርጌሽ ነው? ብቻሽን ተውኩሽ? ንገሪኝ እንጂ! መናገር አትወጂ፤ ለሰው ልጅ ሁሉ ፍቅር ስትጽፊ ትውያለሽ፣ እኔን ግን ቀና ብለሽ አታዪኝም!» ብላ ጮኸች። ሰብለ በእኔ ላይ ጮኻ አታውቅም። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ለካርድ የማላጣው ቃል ለልጄ ጠፋኝ። በዚያ ሰሞን ሌሊቱን አልተኛም ነበር። አእምሮዬ እየሄደ ይሆን? ዛሬ ፊደል፣ ነገ የልጄ ስም? እያልኩ የማውቀውን ሰው ስም ሁሉ እቆጥር ነበር።

አሚና ግድግዳውን አልፎ የመጣውን ጩኸት ሰምታ በማግስቱ ማለዳ መጣች። ሰብለን ያዘቻትና «ልጄ፣ ያን ዕለት የረምዚን ካርድ ሳታይ ነው ያነበበችልኝ። ዓይኗን አይቼዋለሁ፣ ወረቀቱ ላይ አይሄድም ነበር። ሐኪም ካላገኘው ትልቁ ሐኪም ጋ ውሰጃት» አለቻት። ሰብለ ጫማዋን አደረገች።

ሆስፒታል በጠዋት ደርሰን ካርድ አወጣን፤ ግን ከሰዓት በኋላ እስኪሆን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ከገጠር የመጣው ይበልጣል። ሰብለ ወረፋ ልትጠይቅ ተነስታ ስትሄድ በቀኜ በኩል የሰው ድምፅ ሰምቼ ክው አልኩ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገቤ ተቀምጠው ኖሯል፤ ዳቦ ቆርሰው እጃቸውን ዘርግተውልኝ ቆይተዋል። አላየኋቸውም።

«አይዞሽ፣ ሃዳ» አሉኝ። በኦሮምኛ እናት ማለታቸው ነው። «ተቀበይ፣ ብይ። ይሄ ወረፋ በባዶ ሆድ አይቻልም።»

ተቀብዬ በላሁ። ከስንት ቀን በኋላ ምግብ ሲጣፍጠኝ የመጀመሪያው ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሰብለ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ድምጿ ላይ ቁጣው ገና አልወጣም። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ምን ሠርተው ነው የኖሩት፣ እማማ?»

«መዝገብ ቤት።»

«እንግዲያ ብዙ ጽፈዋል» አለችና ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «ለሚወዱት ሰው የልደት ካርድ ቢሆን ምን ብለው ይጽፋሉ? ይጻፉልኝ።»

ብዙ አላሰብኩም፣ ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀብላ በጀርባው አስቀመጠችው። ልቤን አዳመጠች፣ ግፊቴን ለካች፣ አፍንጫዋን እያየሁ ጣቷን ከጎን ስታንቀሳቅስ የታየኝን እንድነግራት አደረገች። በግራ በኩል ታየኝ። በቀኝ በኩል አልታየኝም። ስለ ቤቴም፣ ስለ ሰፈሬም ስታጫውተኝ ቆየች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ሰጠችኝ።

«ያንብቡልኝ።»

አየሁት። «የእኔ ጽሕፈት ነው» አልኩ። «ምን እንደሚል አላውቅም።»

ሰብለ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አነበበች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን ብዬ እንደጻፍኩ አስታውሳለሁ፤ ለእሷ ነበር፤ እዚህ አልደግመውም።

«እያስመሰሉ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «አእምሯቸውም አልሄደም። ስትሮክ ነው።»

«ስትሮክ?» አለች ሰብለ። «አፏ አልተጣመመ፣ እጇ አልታሰረ!»

እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ሐኪሟ በራሴ ምርመራ ፎቶ፣ ሲቲ ስካን በሚሉት፣ በኋላ አሳየችን። ከጭንቅላቴ በስተኋላ በግራ በኩል የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠቆር ያለ ቦታ አለ። ትንሽ የደም ሥር ተዘግታ ነው። ዓይን ያየውን ፊደል ወደሚያውቀው የአንጎል ክፍል የሚያደርሰው መንገድ እዚያ ላይ ተቆርጧል፤ መጻፍ የሚያዘው ክፍል ግን አልተነካም። ስለዚህ ይጻፋል፣ አይነበብም። በቀኝ በኩል ያለው ነገር የማይታየኝም በዚያው ምክንያት ነው። መነሻው ግፊት ሊሆን ይችላል አለች፤ ማን ያውቃል ስንት ዓመት ዝም ብሎ ሲሠራብኝ እንደኖረ።

«ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር» አልኳቸው። ለማንም ያልተናገርኩት ነበር። ሰብለ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይመለስልኛል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም። ግን እጅዎ ፊደሉን ያውቃል። ዓይንዎ ሲያቅተው ፊደሉን በጣትዎ ይከተሉ፤ ጣትዎ ይነግርዎታል። አንድ በአንድ። ቃሉን በግምት አይጨርሱት፣ ግምት ያሳስትዎታል። ዋናው ግን መድኃኒቱን ማቋረጥ የለም። ሁለተኛ ከመጣ እንዲህ በቀላሉ ላይሄድ ይችላል።»

የግፊቱንና ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን እስከ ዛሬ ሳላቋርጥ እወስዳለሁ።

ንባቡን እንደገና የጀመርኩት ከአሚና ጋር ነው። የጨው ፓኬት፣ የክብሪት ቤት፣ የሳሙና መጠቅለያ ይዛ ትመጣና ፊቴ ትደረድራለች። ፊደሉን በጣቴ ስከተለው እውነትም እጄ ያውቀዋል። «ሳ» እላለሁ። ከዚያ «ሙ»። ከዚያ «ና»። መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል ስጨርስ የፊተኛው ይጠፋኝ ነበር። ሳድሱና ሣልሱ፣ እግር ያለውና የሌለው ይምታታብኛል።

«በሰባተኛ ክፍል ትምህርት ያቆምኩ ሴትዮ ዛሬ በለጥኩሽ!» ትለኛለች እየሳቀች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። መልሼ ስይዘው ታያለሽ።»

«ኢንሻአላህ በይ!»

«ኢንሻአላህ» እላታለሁ፤ ትፈነድቃለች።

ሰውም ካርድ ማምጣቱን አላቋረጠም። እኔ እጽፋለሁ፣ አሚና ታነባለች፣ ባለቤቱ አሜን ይላል። አሚና ስታነብ ደስ ያላትን ቃል ከራሷ ትጨምራለች፤ ይህን የማውቀው የጻፍኩትን ስለማውቅ ነው። ይህን ጽሑፍም እኔ በእጄ ጽፌ ሰብለ በኮምፒውተር ገልብጣዋለች። የጨመረችበት ነገር ካለ ይቅር ይባልልኝ፤ ሁሉንም መልሼ ለማየት ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል።

በዕድሜ ለምትመስሉኝ ይህን እላለሁ። ማየት እየቻላችሁ ማንበብ ካቃታችሁ፣ ወይም አንዱ ጎን ከዓይናችሁ ከጠፋ፣ አትተኙበት፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ። እኔ ቶሎ ብሄድ ኖሮ የበለጠ መዳን ይቻል እንደነበር ተነግሮኛል። ግፊታችሁ ከፍ ብሎ ሲገኝ በደረጃ አታመካኙ፣ ሌላ ቀን መልሳችሁ አስለኩ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡም ማንበብ እንደምትችሉ ተናገሩ፤ ማን መሆናችሁን ከነጠላችሁ አያውቅም። ለልጆቻችሁም ንገሩ፣ እኔን አትምሰሉ።

ባለፈው ጥር ልደቴ ነበር። በእኛ ቤት የእኔ ልደት ተከብሮ አያውቅም። ጠዋት ሰብለ ሻይ አቀረበችልኝና ከጎኑ አንድ ካርድ በግራ እጄ በኩል፣ በሚታየኝ በኩል፣ አስቀምጣ ዕቃ ልታጥብ ሄደች። ሰብለ ካርድ ጽፋ አታውቅም። በትልልቁ ነው የጻፈችው።

ጣቴን አስቀደምኩ። «እማዬ» የሚለው ቶሎ መጣልኝ። «እንኳን ተወለድሽ» ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ወሰደብኝ። ቀጥሎ «ያን ዕለት» ይላል። ቀጥሎ «የጮህኩብሽ»። እዚህ ላይ ጣቴን አነሳሁ። የሚቀጥለውን ገመትኩት፤ ይቅርታ ልትል ነው፣ ወይም ተናድጄ ነው ትላለች አልኩ። ግምት ተከልክያለሁና ወደ ፊደሉ ተመለስኩ። መጀመሪያው «ፈ» ነው። ከዚያ «ር»። ከዚያ «ቼ»። ፈርቼ። ከእሱ በኋላ «ነው»። ከእሱ በኋላ ደግሞ፣ አንድ በአንድ፣ «አንቺ ከሄድሽ እኔን የሚያነበኝ የለም» ይላል።

የዕቃው ድምፅ ካቆመ ቆይቷል። ሰብለ እጇን በፎጣ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ጨረስሽው?» አለችኝ።

ጨርሼዋለሁ። ጣቴን መልሼ «እማዬ» የሚለው ላይ አደረግኩና፣ «ገና ነኝ» አልኳት። «ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ።»